ከጥሪው የሸሸ ዲያቆን ወዴት ነው የሚመለሰው?

በኢንተርኔት የምንወያይበት ይህ ክር የተከፈተው ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ነው። አሁን ከ30 በላይ መልስ አለው። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ በየተራ ልንገራችሁ፣ የእኔንም ሐሳብ በመሃል እጨምራለሁ።

የከፈተው ወንድም ስሙን አልጻፈም። ቨርጂኒያ እንደሚኖር፣ ኡበር እንደሚነዳ፣ የሁለት ልጆች አባት እንደሆነ ብቻ ነው የነገረን። ያደገው ጎጃም ነው። ገና ሳይወለድ አያቱ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ ተምሯል። ድቁና ተቀብሎም ሲቀድስ ኖሯል። ከዚያ አዲስ አበባ መጣ፣ ዲቪ ደረሰው፣ አሜሪካ ገባ። እዚያ ዲያቆን መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ካወቁ ና ቀድስ ማለታቸው አይቀርም፣ እሑድ ደግሞ ጥሩ ገንዘብ የሚገኝበት ቀን ነው። ቀስ እያለ ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወው። ትዳሩን የመሠረተው በመንግሥት መዝገብ ላይ ፈርሞ ነው፤ ተክሊልም ቁርባንም የለበትም።

ታዲያ አሁን ምን ነካው? እንደጻፈው ከሆነ ምንም አልደረሰበትም። አልታመመም፣ ሥራውም አልተበላሸም፣ ቤቱም ሰላም ነው። አንድ እሑድ ማለዳ ግን መኪናው ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀ ስልኩ ላይ የቀጥታ ቅዳሴ ከፍቶ ነበር። ካህኑ ድርሻቸውን ሲጨርሱ ተንሥኡ ለጸሎት የሚለውን አፉ ቀድሞ አለው፤ የስልኩ ዲያቆን ከእሱ ኋላ ነው የደረሰው። ተሳፋሪው በሩን ከፍቶ ሲገባ ይህ ሰው መሪውን ይዞ ያለቅሳል። ጥያቄው ከዚህ የመጣ ነው። ዮናስ ሸሽቶ ሁለተኛ ተጠራ፤ የእሱ ድቁና ግን ፈርሷል። ስለዚህ ለእሱ ሁለተኛ ጥሪ የሚባል ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ግን የጠያቂ አይመስልም። በራሱ ላይ ፈርዶ ጨርሶ ነው የመጣው፣ የፈለገው ፍርዱን የሚያጸናለት ሰው ነው።

1ኛዋ እህት አጭር ነው የጻፈችው። ለዚህ ቀን ያደረሰውን አምላክ አመስግና፣ ነገ ዛሬ ሳይል ንስሐ አባት እንዲይዝ መከረችው። ብዙ ሰው ላይክ አደረገላት።

ቁጥር 2 ፕሮቴስታንት ነው። ጌታ ይባርክህ ብሎ ጀመረና ሮሜ 11፥29ን ጠቀሰ፤ እግዚአብሔር ጠርቶ የሚጸጸት አምላክ ስላልሆነ የዚህ ወንድም ጥሪ ዛሬም እንዳለ አስረዳ። ጴጥሮስንም አነሣ። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲጠብቀውም ፍም ነበር፣ ዓሣም በላዩ። ሦስት ጊዜ የካደው ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ተባለ፣ ሦስቴም በጎቹን ተረከበ። ይህን ሳነብ ዮሐንስ 18ን እና 21ን ገልጬ አመሳከርኩ። እውነት ነው፣ ሁለቱም ቦታ ፍም አለ።

ቁጥር 3 በትሕትና አረመው። ሮሜ 11 የሚናገረው ስለ እስራኤል ሕዝብ እንጂ ስለ አንድ አገልጋይ ማዕረግ አይደለም፣ ጥቅስ ከቦታው ሲነቀል ሰው ያሳስታል የሚል ነው። ቁጥር 2 ተመልሶ መጥቶ የምዕራፉ ጉዳይ እስራኤል መሆናቸውን ተቀበለ። የእግዚአብሔር ጠባይ ግን ለሕዝብም ለአንድ ሰውም ያው መሆኑን ጨመረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ጨዋ ነበር።

ቁጥር 5 ላይ የጻፉት አባት የአብነት መምህር ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ የኔታ ነው ያላቸው። ረጅም ነው መልሳቸው። ሥርዓቱን ሳያለሳልሱ ነው የጀመሩት። ዲያቆን የሚያገባው በድንግልና፣ በተክሊልና በቁርባን ነው። ከዚህ ውጭ ካገባ ድቁናው ይቀራል፣ መቅደስ ገብቶ አያገለግልም። ይህን ነገር ለልጁ ማለባበስ እሱን መጉዳት እንደሆነ ጻፉ። ቀጥለው ግን ልጁ ሁለት ነገር እንደደባለቀ ነገሩት። የተዘጋው የመቅደሱ በር ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር አልተዘጋም። ንስሐ ገብቶ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ፣ ከባለቤቱ ጋር ሥጋውንና ደሙን መቀበል ይችላል። ከዚያ ወዲያ ልጆች ማስተማር አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ፣ ማኅሌት መቆም አለ። በየደብሩ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ሌሊቱን ከሚያነጉት ሊቃውንት መካከል ክህነት የሌላቸው፣ አንዳንዶቹም እንደ እሱ ድቁናቸው የቀረ ብዙ እንደሆኑ አስታወሱት። ዮናስ 3፥1ንም ጠቅሰዋል። የእግዚአብሔር ቃል ሁለተኛ ሲመጣ ስለ መርከቡ አያነሣም፣ ስለ ዓሣውም አይወቅስም። ተነሥተህ ወደ ነነዌ ሂድ ነው የሚለው፣ ልክ እንደ መጀመሪያው።

እኔ ከክሩ ሁሉ ይህን መልስ ነው ኮፒ አድርጌ ያስቀመጥኩት። ማዕረግ ሲቀር ሰውየው አብሮ የቀረ የሚመስላቸው ብዙ ወንድሞች አውቃለሁ። ወደ ነበርኩበት ካልተመለስኩ ምን አደርጋለሁ እያሉ ከነጭራሹ ይቀራሉ። ወደ እግዚአብሔር መመለስና ወደ ቦታ መመለስ ለየብቻ ነው። ሁለተኛው ቢዘጋ የመጀመሪያው አይዘጋም።

ጠያቂው ቁጥር 6 ላይ የኔታን አመሰገነ፣ ግን ሌላ ችግር አወጣ። ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለክርስትናና ለሠርግ ነው። ያገባችው ሹፌር እንጂ ዲያቆን አይደለም፤ ይህን ታሪኩን በደንብ ነግሯትም አያውቅም። አሁን ተነሥቶ እንቁረብ ቢላት ምን ልትል እንደምትችል ማሰብ ራሱ አስፈራው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። ቁጥር 7 ሥርዓቱ ጭካኔ ነው ብሎ ተነሣ። የራሳቸውን ኃጢአት ደብቀው ፊት ለፊት የቆሙ ስንት እንዳሉ እየታወቀ እውነቱን የተናገረ ሰው ከበር ይመለሳል፣ ስለዚህ ሕጉ የሚቀጣው ሐቀኛውን ነው ባይ ነው። ቁጥር 8 በኃይለ ቃል መለሰለት። አባቶችን በጅምላ መስደብ ከጥሪ ከመሸሽ የባሰ ኃጢአት መሆኑን፣ መቅደስ እንደ ግል ቤት ማንም ደስ ሲለው የሚወጣበትና የሚገባበት እንዳልሆነ ጻፈ። ለጠያቂውም አልራራለትም፤ ታቦት ፊት የተሰጠ ቃል በዶላር መለወጡን በግልጽ ነገረው። ሁለቱ ተመላልሰው ተሰዳደቡ፣ አድሚኑ ሁለት መልስ ሰርዞ ነው የበረደው። የቁጥር 8 አነጋገር እኔንም አስከፍቶኛል። ቁስሉን ራሱ ገልጦ ያሳየን ሰው ላይ ጨው አይነሰነስም።

ቁጥር 11 ላይ ግን ማንም ያልጠበቀው መልስ መጣ። አንዲት እህት ከቤሩት ጻፈች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አገር ቤት እያለች ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበረች፣ ዕድሜዬን ሙሉ አገለግላለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። አባቷ ሞቱ፣ ቤቱ ዕዳ ላይ ወደቀ፣ እሷ ሄደች። ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ነው። የዕረፍት ቀን የላትም፤ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄዱት ከሌሎቹ ልጆች ጋር በስልክ ብቻ ነው የምትገናኘው። ዕቃ ስታጥብ የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትደግማለች። ቀኑ ሁሉ አንድ ስለሆነባት ዛሬ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ የምታውቀው በደረሰችበት ውዳሴ ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሷ እንደ ዮናስ ሸሽታለች ወይስ አልሸሸችም?

ይህን ስልኬ ላይ ካነበብኩ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

ቁጥር 12 ስእለት ስእለት ነው፣ ምክንያት አያፈርሰውም ብሎ ደረቅ መልስ ሰጣት። ቁጥር 13 ላይ አንድ ወንድም ወዲያው ገሠጸው። መጽሐፉን አስተውለህ አንብብ አለው፤ ዮናስ ኢዮጴ ወርዶ ዋጋውን ከኪሱ ከፍሎ ነው የተሳፈረው፣ የሸሸው ከእግዚአብሔር ፊት ለመራቅ መሆኑም ተጽፏል። ይህች ልጅ የሸሸችው ከማን ነው? የቤተሰብ ዕዳ የሰደደውን ሰው ከዮናስ ጋር መቁጠር ቃሉን ማጣመም መሆኑን፣ ማድ ቤት ቆማ የምታደርሰው ጸሎትም አገልግሎት መሆኑን ጻፈላት። ሌሎች ሦስት ሰዎች ተከትለው አጽናኗት። የኔታም ብቅ ብለው፣ ዳንኤል ባቢሎን ሆኖ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ እንደነበረ አስታውሰው ልጄ አይዞሽ አሏት።

ቁጥር 18 ዮናስ የከፈለውን የመርከብ ዋጋ አንሥቶ ነገሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ዮናስ ኢዮጴ ሲደርስ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ ተዘጋጅታ አገኘ። ነነዌ ወደ ምሥራቅ ናት፣ ተርሴስ ወደ ምዕራብ። መርከቧም ነበረች፣ ገንዘቡም ነበረው፣ ቦታም አላጣም፤ ሁሉ ነገር ተመቻቸለት። ስለዚህ መንገድ ተከፈተ ማለት እግዚአብሔር ፈቀደ ማለት አይደለም ብሎ ጻፈ። ዲቪ ሲደርሰን፣ ቪዛ ሲመታልን፣ ደህና ሥራ ሲገኝ ወዲያው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እንደምንል፣ የሄድንበትን ጉዳይ ግን እንደማንጠይቅ አከለ። እኔም ይህን አምናለሁ። ከእግዚአብሔር የሚሸሽ ሰው መጠጥ ቤት ብቻ አይደለም የሚገኘው። ብዙውን ጊዜ ነውር በሌለበት ቦታ ነው፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ ቤት መግዛት። ለዚህ ነው ሳይታወቀው ዓመታት የሚያልፉት።

እዚህ ላይ ውጭ አገር ያሉት ተቆጡ። ቁጥር 19፣ 20 እና 21 በተከታታይ መጡ። ዮሴፍም ከነሕፃኑ ወደ ግብፅ ተሰድዷል፣ የተሰደደ ሁሉ ከጥሪ የሸሸ አይደለም አሉ። በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ስንት ቤት እንደሚያስተዳድር፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን በስደተኛ ብር ጣራ እንደለበሰ ዘረዘሩ። ከዚያ ጨዋታው ጭራሽ መስመሩን ለቅቆ ስለ ምንዛሬና ስለ ሐዋላ ሆነ፣ እሱን ልዝለለው። ዓሣው ዓሣ አንበሪ ነው አይደለም የሚለውንም እንዲሁ፤ አንድ የባዮሎጂ ተማሪና አንድ አዛውንት ብዙ ተከራከሩበት። ከዚህ ሁሉ የጎን ወሬ መካከል ለእኔ የጠቀመኝ አንዱ ስለ ነነዌ የጻፈው ነው። የድሮዋ ነነዌ የዛሬው የኢራቅ ሞሱል አጠገብ መሆኗን፣ በዚያ የዮናስ መቃብር ነው ተብሎ የሚከበረው ስፍራ ሐምሌ 2006 ዓ.ም. በአይሲስ መፍረሱን፣ በዚያው ሰሞንም የሞሱል ክርስቲያኖች ከከተማቸው መባረራቸውን አስታወሰን። እነሱም እንደ እኛ የነነዌን ሦስት ቀን ይጾማሉ።

ቁጥር 24 የእኔ ነው። ጠያቂው ራሱን ከዮናስ ጋር ብቻ እንዳያስተያይ ስለፈለግሁ ማርቆስን አነሣሁለት። ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ ጵንፍልያ ላይ ጥሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ በርናባስ እንውሰደው ሲል ጳውሎስ አልፈለገም፤ በዚህ ተጣልተው ሁለቱ ሐዋርያት ተለያዩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለው። ከዚያ በላይ ባለው ቁጥር ደግሞ ዴማስ ዓለምን ወድዶ ትቶት እንደሄደ ይናገራል። ትቶ የሄደውና ትቶ ሄዶ የተመለሰው ጎን ለጎን ናቸው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወደ 1600 ዓመት ለሚሆን ዘመን ጳጳሳቷን ስትቀበል የኖረችው ከእስክንድርያ፣ ከመንበረ ማርቆስ ነው። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ዘመን መንበሩ የተጠራው መንገድ ላይ ጥሎ በተመለሰው በዚያ ወጣት ስም ነው።

ቁጥር 25 ያልኩትን አልተቃወመም፣ ግን የዘለልኩትን አነሣ። ማርቆስን ያዳነው የጳውሎስ ደብዳቤ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ገና ምንም ሳያስመሰክር በርናባስ ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄዷል። ዘመዱ ስለሆነ ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ ከጳውሎስ ጋር እስከ መለያየት የሚያደርስ ዋጋ ነው የከፈለለት። ከዚያ ጥያቄውን ወደ ሁላችን አዞረው፦ እዚህ ክር ላይ ይህን ወንድም ማን ይዞት ሊሄድ ነው? ቨርጂኒያ ያላችሁ ስልክ ተለዋወጡ እንጂ ጥቅስ ብቻ አትወርውሩ ብሎ ነው የጨረሰው። በጣም ደስ አለኝ። ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር አገኙት።

ቁጥር 26 የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትን ታሪክ አመጣች። አባቱ ጳጳስ ነበሩ፤ በ361 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሳይፈልግ ቅስና ሾሙት። ወዲያው ጳንጦስ ወደሚኖረው ወዳጁ ወደ ባስልዮስ ሸሸ። ለፋሲካ ተመልሶ መጣና ስለ ሽሽቱ ረጅም ንግግር ጻፈ፤ እዚያው ውስጥ ዮናስን ያነሣል። የሸሸበት ምክንያት ዓለምን ወድዶ ሳይሆን የክህነት ሸክም ከብዶት ነው። እህታችን ያለችው፣ ጥሪ ቀላል ነገር ነው ብሎ ዘሎ ከሚገባ ፈርቶ የሚሸሽ ይሻላል ነው። ቁጥር 27 ደግሞ ቅዱስ ያሬድን ጨመረ። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የአጎቱ የጌዴዎን ቅጣት መርሮት ከአክሱም ሸሸ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አንዱ ግን ያሬድ የሸሸው ከአለንጋ ነው እንጂ ከእግዚአብሔር አይደለም ብሎ ተቃወመ። ቁጥር 27 ለአንድ ሕፃን ሁለቱ እንዴት እንደሚለዩት መልሶ ጠየቀው። መልስ አልተሰጠም። ብዙዎቻችን ከእግዚአብሔር ሸሸን የምንለው በስሙ ከመታን ሰው ሸሽተን እንደሆነ ይህ ጥያቄ ይነካል።

ቁጥር 29 ወጣት ነው፣ ፕሮቴስታንት። የእሱ ነገር ተቃራኒ ነው። አንድ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው በጉባኤ መካከል አስነሥቶ ጥሪ አለህ፣ ከሥራህ እየሸሸህበት ነው አለው። ልጁ ደህና የባንክ ሥራውን ለቀቀ። ያጠራቀመውን ‹ዘር› ለሚሉት መባ ሰጠ። አሁን እናቱ ቤት ተመልሶ ሥራ ይፈልጋል፤ ጥሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሆዱ ይረበሻል። ቁጥር 2 ነው ቀድሞ የደረሰለት። በራሳቸው በኩል ይህ ጉድ እንደበዛ ሳይደብቅ ተናግሮ፣ እግዚአብሔር የሚጠራ ከሆነ ያንተ የባንክ ደብተር አያስፈልገውም አለው። ቁጥር 8 ይህን ለክርክር ሊጠቀምበት ሞከረ፤ እንዲህ የሚሆነው ሥርዓት ስለሌላችሁ ነው ብሎ። የኔታ አቆሙት። በሁለቱም ቤት በስመ እግዚአብሔር የሚነግድ መኖሩን ተናግረው ለልጁ መከሩት። እውነተኛ ጥሪ አያዋክብም፤ ለዛሬ ማታ ወስን፣ አሁኑኑ ስጥ የሚል ድምፅ ሲመጣ ቆም ብሎ የሚያውቁትን አባት መጠየቅ ነው። ሳሙኤል እንኳ እስኪገባው ድረስ ደጋግሞ ተጠርቷል፣ ኤሊም አስተዋለለት።

ከዚያ ቁጥር 31 ቁጥር 8ን ፊት ለፊት ተናገረው። ዮናስ ለምን እንደሸሸ የሚነግረን ምዕራፍ 4 ነው። ፈርቶ አይደለም። እግዚአብሔር ይቅር ባይና መሓሪ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ነነዌ ምሕረት እንድታገኝ ስላልፈለገ ነው። ቁጥር 31 እንደሚለው ከዚህ ክር ውስጥ ዮናስን የሚመስለው ጠያቂው አይደለም፤ የተመለሰ ሰው ሲያይ የሚከፋው ነው። ንግግሩ ከባድ ነበር። ቁጥር 8 ግን በዚህ ጊዜ አልተሳደበም። የነነዌ ሰዎች እንዲሁ በምሕረት አልታለፉም፤ ከንጉሡ እስከ ከብቱ ማቅ ለብሰው፣ እህል ውኃ ከልክለው ነው ምሕረት ያገኙት ብሎ መለሰ። ምሕረትን አልጠላም፣ ንስሐ የሌለበት ተመለስኩ ነው የማልቀበለው አለ። ይህ ከመጀመሪያው ከተናገረው የተሻለ ነው፣ እውነትም አለው። ያንኑ በመጀመሪያው ቀን በዚህ ቋንቋ ቢናገር ሰው ይሰማው ነበር።

ጠያቂው ተመልሶ የመጣው ቁጥር 33 ላይ ነው። ለባለቤቱ ሁሉንም ነግሯታል። ስለ ቁርባን ገና አልተስማሙም፣ እሷ ጊዜ ስጠኝ ብላዋለች። ግን ደበሎና ቁራሽ ልመና የሚለውን ስትሰማ እስከ ሌሊት ጠይቃዋለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንደደበቃት ነው ያዘነችው። በውስጥ መስመር ካገኙት ሰዎች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ከአንድ ቄስ ጋር አገናኝቶታል። ቄሱ ንስሐውን ጀምረውለታል። ቅዳሜ ቅዳሜም ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ስለሌላቸው እሱ እንዲይዛቸው ጠይቀውታል። አንድ ቅዳሜ አስተምሯል። ልጆቹ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፤ የእሱ ትልቋ ልጅ በ‹ሀ› እና በ‹ሐ› ልዩነት አፋጠጠችው። አሁን የሚጠይቀን ከፊደል በኋላ ምን እንደሚያስከትል ነው። የኔታ በልጅነቱ እንደተማረው ከአቡጊዳ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን እንዲያስነብባቸው ነገሩት፣ ግን ገበታውን በትልቁ አትሞ፣ ትምህርቱን አሳጥሮ። አንዲት መምህርት ከሲልቨር ስፕሪንግ የራሷን ካርዶች ልትልክለት አድራሻ ጠይቃለች።

አሁን ክሩ ላይ ያለው ወሬ ስለ ጾሙ ነው። ነነዌ ከጥር 17 በታች ከየካቲት 21 በላይ አትውልም፣ ሁልጊዜም ሰኞ ገብታ ረቡዕ ታበቃለች፣ ዐቢይ ጾም የሚገባው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሦስቱ ቀን መጽሐፈ ዮናስን በስልክ አብረን እናንብብ የሚል ሐሳብ ቁጥር 1 አመጣች። አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ቁጥር 2 መግባት ይፈቀድልኝ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ቁጥር 8 አይሆንም አለ፣ የኔታ ለማንበብና ለማዳመጥ የሚከለከል ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ቁጥር 8 ደስ ባይለውም ሰኞን እሱ ራሱ አነባለሁ ብሏል። ሰዓቱን የወሰነችው የቤሩቷ እህት ናት፤ የምትሠራበት ቤት ሰው የሚተኛው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ለቨርጂኒያ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። ከባድ ነው ያሉ ነበሩ፣ ግን ብዙው ሰው ተስማምቷል። ሊንኩን አድሚኑ እሑድ ማታ ያወጣዋል።